ሞተሩ ሐይቁ መሐል ሲቆም፦ የቪክቶሪያ ዓሣ አጥማጆች አሮጌ ሞተሮች እንዴት በሕይወት ይቆያሉ?

ጨረቃ በሌለባቸው ሌሊቶች የቪክቶሪያ ሐይቅ ከዳር ሆኖ ለሚያየው ሰው ከተማ ይመስላል። በውሃው ላይ ተደርድረው የሚታዩት መብራቶች ግን የከተማ አይደሉም። በኬንያ ኦሜና፣ በታንዛኒያ ዳጋ፣ በኡጋንዳ ደግሞ ሙኬኔ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በብርሃን እየሳቡ የሚያጠምዱ ሰዎች መብራቶች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች አመሻሽ ላይ ወጥተው ጎሕ ሲቀድ ይመለሳሉ። ብዙ ጀልባዎች እስከ ዛሬ በመቅዘፊያና በሸራ ነው የሚጓዙት። ሞተር ያላቸው ደግሞ ከዳር ርቀው ለመሄድ ይደፍራሉ፤ ድፍረታቸው ግን ከጀልባዋ ኋላ በተገጠመው ማሽን ላይ የተመሠረተ ነው። ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ በተለምዶ ቱ ስትሮክ የሚባለው፣ በሌሎች አገራት ከገበያ እየወጣ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው።

ሞተሩ ሐይቁ መሐል ቢቆም የሚደርሰው ኪሳራ የአንድ ሌሊት ዓሣ ብቻ አይደለም። እአአ በ2016 የወጣ የሳይንስ ጥናት በሳተላይት መረጃ እንዳሳየው፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኃይለኛው ነጎድጓዳማ ማዕበል የሚበረታው በሌሊት ነው። ዓሣ አጥማጆቹ በሥራ ላይ የሚገኙትም በዚሁ ሰዓት ነው። 68 ሺህ 800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋው ውሃ ላይ ኃይል አጥታ የቀረች የእንጨት ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ማዞር አትችልም። ጎኗን ለማዕበል የሰጠች ጀልባ ደግሞ በቀላሉ ትገለበጣለች።

ስለዚህ በሐይቁ ዳርቻ በስዋሂሊ ቋንቋ ፉንዲ የሚባሉት መካኒኮች የሚሠሩት ሥራ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለመሆኑ ይህ ሞተር እንዴት ይሠራል? የሚያበላሸው ምንድን ነው? እንዴትስ ይጠበቃል?

ሁለት ምት ማለት ምን ማለት ነው?

በአብዛኛዎቹ መኪናዎች ውስጥ ያለው ሞተር ሥራውን በአራት ምት ያጠናቅቃል፤ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ባለ ሁለት ምቱ ይህን ሁሉ ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ በመውረዱ ይጨርሳል። ፒስተኑ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን ድብልቅ እያመቀ ከሥሩ አዲስ ድብልቅ ይስባል። ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ፒስተኑ ይወርዳል፤ ሲወርድም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተበሱትን ቀዳዳዎች ይከፍታል። በአንዱ ጭሱ ይወጣል፣ በሌላው አዲሱ ድብልቅ ይገባል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዱጋልድ ክለርክ የሁለት ምት ሞተርን የፈጠራ መብት እአአ በ1881 አስመዘገበ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ ደግሞ በ1890ዎቹ መባቻ አሠራሩን አቀለለው። ትውልደ ኖርዌያዊው ኦሌ ኤቭንሩድ በአሜሪካ ከጀልባ ኋላ የሚገጠም ሞተር በ1909 ለገበያ ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ውሃዎች ላይ ስሙ ገኖ የሚታየው የጃፓኑ ያማሃ የመጀመሪያውን የጀልባ ሞተሩን የሠራው በ1960 ነው።

ይኸው የሞተር ዓይነት በካናዳና በአላስካ ሰሜናዊ መንደሮች የበረዶ ሞተር ብስክሌቶችን ሲያንቀሳቅስ ኖሯል። እዚያም ከመንደር ርቆ ሞተር ሲቆም አደጋው የሞት ነው። የሚለየው ብርዱ ነው እንጂ የሞተሩ በሽታዎች አንድ ናቸው።

ለምን እስካሁን ተመራጭ ሆነ?

ባለ ሁለት ምት ሞተር ቫልቭ የለውም፤ ቫልቭ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግም ሆነ የዘይት ማጠራቀሚያ ቋት የለውም። የሚንቀሳቀሱት ዋና ዋና ክፍሎቹ ፒስተኑ፣ የፒስተኑ እጀታና መካኒኮች ኮሎ የሚሉት ዋናው ዘንግ ናቸው። በዚህም ምክንያት ተመሳሳይ ጉልበት ካለው ባለ አራት ምት ሞተር ይቀላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ጥቂት ቁልፎችና ካቻቢቴ የያዘ መካኒክ ከዛፍ ጥላ ሥር ሊፈታውና መልሶ ሊገጥመው ይችላል።

ክብደቱ መቅለሉ ሌላም ጥቅም አለው። የሞተር ዝርፊያ የቪክቶሪያ ዓሣ አጥማጆች የቆየ ችግር ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከጀልባ ፈትቶ በትከሻ ተሸክሞ ወደ ቤት መግባት የተለመደ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤቱ ቀጥሎ ውዱ ንብረት ይህ ሞተር ነው።

የዘይቱ ልክ

የሁለት ምት ሞተር ቀላልነት ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። የዘይት ቋት ስለሌለው የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ዘይት ያልተጨመረበት ቤንዚን ማለት ብረት በብረት ላይ መፋተግ ማለት ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራው ፒስተን ከሲሊንደሩ ብረት ይልቅ በሙቀት ቶሎ ስለሚሰፋ በደቂቃዎች ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል።

ለብዙ የጀልባ ሞተሮች የታዘዘው ልክ ለ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ነው። ይህም ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ደግሞ 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። አዲስ ወይም ፒስተኑ የተቀየረለት ሞተር ለመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓታት እጥፍ ዘይት ሊታዘዝለት ይችላል። ትክክለኛው ልክ የእያንዳንዱ ሞተር አምራች ያዘዘው ነው።

ዘይት ይበልጥ በጨመሩ ቁጥር ሞተሩ ይበልጥ ይጠበቃል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ዘይቱ ሲበዛ በዚያው መጠን ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ድብልቅ ከአየሩ አንጻር ነዳጅ ያንሰዋል። ካንዴላው በጥላሸት ይዘጋል፤ የፒስተኑ ፋሻዎችም በከሰል ተጣብቀው መላወስ ያቅታቸዋል።

የዘይቱ ዓይነትም ከመጠኑ እኩል ያስፈልጋል። የመኪና ሞተር ዘይት የተሠራው በቋት ውስጥ እየተዘዋወረ ብዙ ጊዜ እንዲቆይ እንጂ እንዲቃጠል አይደለም። በውስጡ ያሉት ብረት አዘል ቅመሞች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ፤ አመዱም በካንዴላውና በፒስተኑ አናት ላይ ይከማቻል። በውሃ ለሚቀዘቅዙ የጀልባ ሞተሮች የተዘጋጀው ዘይት በጣሳው ላይ ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል ምልክት አለው።

አደባለቁም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ጥቂት ቤንዚን ይቀዳል፣ ዘይቱ ይጨመራል፣ በደንብ ይናጣል፤ ከዚያ የቀረው ቤንዚን ይሞላል። ዘይቱ በጀሪካኑ ግርጌ ተኝቶ ከቀረ ሞተሩ መጀመሪያ በዘይት ይታፈናል፣ በኋላ ደግሞ በድርቀት ይቃጠላል።

የተቀየጠ ነዳጅ

ፉንዲዎችን ከሚፈትኑ ችግሮች አንዱ ከሐይቁ ሳይሆን ከነዳጅ ሻጩ የሚመጣ ነው። ነጭ ጋዝ ከቤንዚን በሚረክስበት ጊዜ ሁለቱን ቀይጦ መሸጥ በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ኬንያ ይህን ለመግታት እአአ በ2018 በነጭ ጋዝ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ ልዩ ቀረጥ ጥላለች።

ነጭ ጋዝ በቤንዚን ሞተር ውስጥ ሲታመቅ ካለ ጊዜው በራሱ ይፈነዳል። ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር የተጣለበት ቆርቆሮ የመሰለ የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ እየተሰማ በሙሉ ፍጥነት መጓዝ የፒስተኑን አናት ሊያቀልጠው ወይም ሊበሳው ይችላል። ድምፁን የሰማ ሰው ወዲያውኑ ፍጥነት መቀነስ፣ ከተቻለም ነዳጁን መለወጥ ይኖርበታል።

ሞተሩ አልነሣ ሲል

ልምድ ያለው መካኒክ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይጠይቃል፦ ነዳጅ ይደርሳል? እሳት አለ? እምቅታው በቂ ነው?

ከሁሉ በፊት ግን ገመድ በመጎተት ክንድን ከማድከም በፊት ቀላሉን ማየት ይበጃል። የደኅንነት ማጥፊያው ገመድ ከቦታው ወልቆ ከሆነ ሞተሩ ፈጽሞ አይነሣም። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለው የአየር መተንፈሻ ካልተከፈተ ሞተሩ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል፤ ታንኩ አየር ስላጣ ነዳጁ አይወርድምና። በነዳጅ ቱቦው ላይ ያለው በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ ሲጫኑት ካልጠነከረ ነዳጁ አልደረሰም፤ ወይም ቱቦው አየር ያስገባል ማለት ነው።

ነዳጁ ከደረሰ ተራው የካንዴላው ነው። ካንዴላ ተፈትቶ ሲታይ የሞተሩን ጤና ይናገራል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቷል፤ አለዚያም የእሳቱ ኃይል ደካማ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ግን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ እያነሰው ከመጠን በላይ ይግላል። ነጭ ካንዴላ አይቶ አዲስ ካንዴላ ብቻ ቀይሮ የወጣ ሰው ሕመሙን ሳይሆን ምልክቱን ነው ያስወገደው። በካርቡሬተሩ የተዘጋ ቀዳዳ ወይም አየር የሚያስገባ ቱቦ መፈለግ አለበት።

ካርቡሬተሩ የሚቆሽሸው ብዙ ጊዜ በቆየ ነዳጅ ነው። ቤንዚኑ ሲተንን የቀረው ዝቃጭ እንደ ሙጫ ይደርቅና የነዳጅ ማለፊያዎቹን ይደፍናል። እነዚህ ማለፊያዎች በረቀቀ ልክ የተበሱ ስለሆኑ በሽቦ መፈግፈግ ያሰፋቸዋል፤ የሞተሩም ሚዛን ከዚያ በኋላ ይዛባል። በቤንዚን አርሶ በአየር ግፊት መንፋት ይመረጣል። ሞተሩ ለሳምንታት የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ በካርቡሬተሩ የቀረውን ነዳጅ ማፍሰስ በኋላ ከሚመጣው ድካም ሁሉ ያድናል።

ውሃው፣ አሸዋውና እምቦጩ

የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ ራሱ በሚስበው ውሃ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ የሚፈነጥቀው ቀጭን የውሃ ጅረት ማቀዝቀዣው እየሠራ መሆኑን ያመለክታል። ነጂው ዘወር እያለ ያንን ጅረት ማየት ይኖርበታል፤ ጅረቱ ከቆመ ሞተሩም መቆም አለበት።

እአአ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቪክቶሪያ ሐይቅ የተስፋፋው እምቦጭ ይህን ሥርዓት ክፉኛ ይፈትነዋል። ሥሩና ቅጠሉ የውሃ መግቢያውን ይደፍናል፤ ጀልባዋን የሚገፋውን ኤሊካም ይተበትበዋል። አረሙ ከ2011 ጀምሮ በጣና ሐይቅም መታየቱ ለኢትዮጵያውያን የታወቀ ነው።

አሸዋ በበኩሉ የሚጎዳው ውሃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ የጎማ ጎማማ ክፍል ነው። ዳር ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሞተር ማስነሣት አሸዋ መሳብ ነው። ከውሃ ውጪ ማስነሣት ደግሞ የባሰ ነው፤ ይህ ጎማ የሚለሰልሰው በውሃ ስለሆነ በደረቁ ሲዞር በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ሳይሰበር አስቀድሞ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ ሲሊንደሩን ከመቃጠል ያድናል። በበርበራ፣ በቦሳሶ ወይም በጅቡቲ ዳርቻ በጨው ውሃ ላይ የሚሠራ ሞተር ሲሆን ከሥራ መልስ በንጹሕ ውሃ ውስጡን ማጠብም ግድ ነው።

የሰጠመ ሞተር ይድናል?

ጀልባ ስትገለበጥ ሞተሩ አብሮ ይሰጥማል። ከወጣ በኋላ የሚደረገው ወይም የማይደረገው ነገር ዕድሉን ይወስናል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ እያለ ገመዱን በኃይል መጎተት የፒስተኑን እጀታ ሊያጣምም ይችላል። እየሠራ ሳለ የሰጠመ ሞተር ከሆነ ወይም ሲዞር አሸዋ ሲፋጭ ከተሰማ ሳይፈታ መነካት የለበትም።

አለዚያ በመጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ካንዴላዎቹ ይወልቃሉ፤ የካንዴላው ቀዳዳ ወደ ታች እንዲሆን ተደርጎ ገመዱ ቀስ እየተባለ ሲጎተት ውሃው ይወጣል። ካርቡሬተሩ ይራገፋል፤ በሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት ይጨመራል። ከዚያም በአዲስ ነዳጅ ተነሥቶ በውስጡ የቀረው እርጥበት እስኪተን በዝግታ ይሠራል።

ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መደረግ አለበት። መካኒክ በቶሎ ካልተገኘ ሞተሩን ፀሐይ ላይ ከማስጣት ይልቅ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማቆየት ይሻላል። ነገሩ ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ እርጥብ ብረት የሚዝገው አየር ሲያገኝ ነው።

ከፍታው የሚቀንሰው ጉልበት

የቪክቶሪያ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 130 ሜትር ገደማ፣ ጣና ደግሞ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተርም በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በባሕር ዳር የሚሠራ ሞተር ከተጻፈለት የፈረስ ጉልበት አንድ ስድስተኛ ያህሉን የሚያጣው ሳይበላሽ ነው ማለት ነው።

አየሩ ሲሳሳ በካርቡሬተሩ የሚያልፈው ነዳጅ ከአየሩ አንጻር ይበዛል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። መፍትሔው ጠበብ ያለ የነዳጅ ማለፊያ መግጠምና ለከፍታው የሚስማማ ኤሊካ መምረጥ ነው። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው በመልስ ጉዞ ነው። ለጣና የተስተካከለ ሞተር ተሽጦ ወደ ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ቢወርድ፣ ወፍራም አየር አግኝቶ ነዳጅ ያንሰውና ይቃጠላል።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ምን ይመልከት?

ቀለም ያታልላል። ገዢው የእምቅታ መለኪያ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ቢያስገጥም ይበጀዋል። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ ዋናው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፤ ልዩነታቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ካለፈ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ተበልቷል። ቀጥሎ ከታችኛው የማርሽ ቤት ጥቂት ዘይት ይቀዳ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ የማርሽና የኩሽኔታ ወጪ እየመጣ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ መታየትም አለበት፤ ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ የጠበቀ ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ምን ያህል እንደሚያስቸግር አያሳይም።

የማይቀረው ጥያቄ

የእነዚህ ሞተሮች ትልቁ ነውር በጥገና የሚወገድ አይደለም። አዲሱ ድብልቅ ሲገባ የጭስ መውጫው ገና ክፍት ስለሆነ፣ ካርቡሬተር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከወሰደው ነዳጅ እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ሳይቃጠል ያስወጣል። ይህ ለዓሣ አጥማጁ የባከነ ገንዘብ፣ ለሐይቁ ደግሞ ቤንዚንና ዘይት ነው። ከዚሁ ሐይቅ ቀድተው የሚጠጡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እአአ በ1996 ያወጣው ደንብ አምራቾችን ወደ ሌላ ቴክኖሎጂ ገፍቷቸዋል። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ መካከል ባለው የታሆ ሐይቅ ከ1999 ጀምሮ ካርቡሬተር ያላቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ታግደዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ባለ አራት ምት ሞተሮች ይታያሉ፤ በኬንያ ወገንም በባትሪ የሚሠሩ የጀልባ ሞተሮች በኪራይ መቅረብ ጀምረዋል። ባትሪ የነዳጅ ወጪን ያስቀራል፤ ሩቅ ሄዶ ለሚያድር ጀልባ ግን የርቀቱ ጥያቄ ይቀራል።

እስከዚያው አሮጌዎቹ ሞተሮች ይሠራሉ፤ ስለሚሠሩም በአግባቡ መያዝ አለባቸው። በልኩ የተደባለቀ ነዳጅና ጤናማ ካርቡሬተር ብክለቱን ባያጠፉትም ይቀንሱታል። ወደ ሐይቅ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሁለት ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ትርፍ የማስነሻ ገመድና መቅዘፊያ ቢይዝ ከአብዛኛው ችግር ይወጣል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ግን ትርፍ ዕቃ ተደርጎ ከጀልባዋ ሥር መጣል የለበትም። የቱንም ያህል በጥንቃቄ የተያዘ ሞተር አንድ ሌሊት ሊቆም ይችላል፤ ያን ሌሊት ጃኬቱ መገኘት ያለበት ሰውየው ላይ ነው።